ቤቷን ያዋሰችው ቀንድ አውጣ

ኦገስት 30

ትናንት ሜሊንግን ቀበርናት። ዛሬ ጠዋት እንደ ደንቡ ዘመድ ሁሉ ወንዝ ወርዶ ራሱን ታጠበ። የሩዝ ገለባ አቃጥለው፣ አመዱን በውኃ በጥብጠው፣ በየተራ አናታችን ላይ አፈሰሱብን። ሐዘን ከፀጉር ታጥቦ ከወንዙ ጋር ወደ ባሕር ይሄዳል ይባላል። እኔን ያጠቡኝ የሟቹ ባሌ ታላቅ እህት ኢዳንግ ናቸው፤ ታላቅ ስለሆኑ ማናንግ እላቸዋለሁ። አጥብቀው አሹኝ። አመዱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«እንግዲህ አልቅሺ» አሉኝ ጆሮዬ ሥር። «አሁንስ ሰበብ አገኘሽ።»

ሌላ ሰው የሰማ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው በሬሳው ፊት ቃል ስላጣሁ ነው። በእኛ አገር እናት ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ፣ ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾው የሟች ታሪክ ነው። መቼ ጥርስ አወጣች፣ ምን ትፈራ ነበር፣ ምን ስትበላ ደስ ይላታል፣ ማንን አስቀየመች። ሁሉም ይነገራል፤ ጥፋት እንኳ ይነገራል። እኔም ተከናንቤ ተቀመጥኩ። «ልጄ» አልኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን አጣሁት። በየዓመቱ የማውቀው የጫማ ቁጥሯን ነበር፤ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ስሠራ ጫማ ለመላክ ያስፈልገኝ ነበርና።

ማናንግ ኢዳንግ ከወጥ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ከእኔ ላይ ጨርቁን ሳይወስዱ በቀሚሳቸው ጫፍ ተከናንበው ጀመሩ። ከጥርሱ ጀመሩ። ኩፍኝ የወጣባትን ሰሞን፣ ውሻዋ የሞተ ቀን፣ ከማንጎው ዛፍ የወደቀችበትን፣ ትምህርት ቤት የተሸለመችውን፣ ማኒላ ስትሄድ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ያለችውን ሁሉ አወረዱት። አገር አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እንደ ጎረቤት።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ሜሊንግ ትስቅብኝ ነበር። «ናናንግ፣ አንቺ ፊደል አትጽፊም፤ እንደ ሩዝ ችግኝ ጎንበስ ብለሽ ትተክያለሽ» ትለኝ ነበር። እናቷ እንደመሆኔ ናናንግ ትለኝ ነበር። ማናንግ ኢዳንግን ምን ብላ እንደምትጠራቸው አላስተዋልኩም ነበር። በሙሾው ነው የሰማሁት። እሳቸውንም ናናንግ ትላቸው ኖሯል።


ሴፕቴምበር 2

ዝናብ። ለቀስተኛ አሁንም ይመጣል። ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና ወደ ወጥ ቤት ያልፋሉ። የሚያለቅሱት እዚያ ነው፣ ማናንግ ኢዳንግ ዘንድ።


ሴፕቴምበር 6

ዘጠነኛው ቀን። ማንም እህል ሳይቀምስ በፊት የሟች ሳህን ይቀርባል። ሳህኑን እኔ ላዘጋጅ ብዬ በጠዋት ተነሣሁ። ከሆንግ ኮንግ ለሜሊንግ በየገናው የምልክላትን ዓይነት ቸኮሌት ከከተማ አስመጥቼ ነበር። ወርቃማውን ወረቀት ገልጬ አሳምሬ ደረደርኩት፣ ፎቶዋ ፊት አኖርኩት።

ማናንግ ኢዳንግ አዩት። ትንሽ ቆይተው ከድስቱ ሥር የተቃጠለውን ሩዝ ፋቅ ፋቅ አድርገው አመጡ። ጨው ነሰነሱበት። የእኔን ሳህን ሳይነኩ አጠገቡ አስቀመጡት።

«ቸኮሌት ትወድ ነበር» አልኩ።

«ማን? ሜሊንግ?» አሉ። «ጥርሷን ያማት ነበር። ለሰፈሩ ልጆች ታድላለች። እነሱ ናቸው የሚወዱሽ፤ የሰፈሩ ልጆች።»

ለቀስተኞቹ ሣቁ። ክፉ ሣቅ አልነበረም። እኔም ሣቅኩ። ወደ ክፍሌ ገብቼ ካልሲዬን አደረግኩ። ከሆንግ ኮንግ ከተመለስኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ካልሲ ሳላደርግ መቀመጥ አልችልም። ማናንግ ኢዳንግ «የዚያ አገር ብርድ እግርሽ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል» ይሉኛል።

ማታ ጉንዳን ቸኮሌቱን ወሮት አገኘሁ። የተቃጠለውን ሩዝ ግን ማን እንደበላው አላውቅም። ሳህኑ ባዶ ነበር።


ሴፕቴምበር 11

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ማም ካታሊና መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። ሜሊንግ የተማረችበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች የንባብ ክፍል ተሠርቶ በስሟ ሊጠራ ነው። የሚመረቀው መቃብር ከሚጎበኝበት ከሙታን ቀን በፊት ነው።

ሜሊንግ የድሮ ተረት እየሰበሰበች በራሷ ቃል ለልጆች የምትጽፍ ነበረች። በየመንደሩ ዞራ ከሽማግሌ ከአሮጊት ትሰማለች፤ ማኒላ ሄዳ ትጽፈዋለች፤ ሥዕል ይሣልለትና መጽሐፍ ይሆናል። እንደ ሥራ አልቆጠርኩላትም ነበር። «ደመወዙ ስንት ነው?» ብዬ የጠየቅኋት ትዝ ይለኛል። ሌላ ነገር ጠይቄያት ከሆነ አላስታውስም።

ማም ካታሊና የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከቦርሳቸው አወጡ። «ቤቷን ያዋሰችው ቀንድ አውጣ» ይላል። የእኛ ክልል ልጆች ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል አሉኝ። ከፈቱና ከፊቱ ያለውን አነበቡልኝ።

«ለናናንግ፤ ማታ ማታ ይህን ተረት ለነገረችኝ።»

«እንግዲህ ናናንግ ፓሲንግ» አሉ፣ «የምርቃቱ ቀን ልጆቹ ፊት ቁጭ ብለው፣ ያኔ ለሜሊንግ እንደነገሯት አድርገው እንዲነግሩልን ነው የምንለምንዎ። መጽሐፉን አይዩ። ከአፍዎ እንስማው።»

ማናንግ ኢዳንግ በር ላይ ቆመው ነበር። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«እሺ» አልኩ።

ሆንግ ኮንግ ስሄድ ሜሊንግ ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ስመለስ ኮሌጅ ልትጨርስ ነበር። መጻፍ ስለሚያዘገየኝ ድምፄን በካሴት እየቀዳሁ፣ አገር ቤት በሚገባ ሰው እልክላት ነበር። «ሜሊንግ፣ ተማሪ። ዝናብ ላይ አትውጪ። አክስትሽን ስሚ። አባትሽ ጣሪያውን ያስጠግን።» እኔ የነገርኳት ይህንን ነው። ይህ ተረት አይደለም።

እሺ ማለት አልነበረብኝም።


ሴፕቴምበር 12

መጽሐፉን አነበብኩት። ቀስ ብዬ።

ተረቱን አውቀዋለሁ። የእናቴ ነው። እኔ የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው፤ እናቴ ለእኛ ትነግረን ነበር። ጀርባው ለስላሳ የሆነ ትንሽ ሸርጣን በዝናብ ወራት እናቱን ያጣል። ቀንድ አውጣ ታዝንለትና ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ቤቷን ከጀርባዋ አውልቃ ታውሰዋለች። ዝናቡ ሲያበቃ ሸርጣኑ ቤቱን እንደተሸከመ ወደ ባሕር ሄዷል። እሷ ተከትላው ባሕር ዳር ትደርሳለች። ትጣራለች።

የሜሊንግ መጽሐፍ እዚያ ላይ ያበቃል። ትጣራለች፣ ከዚያ ባዶ ገጽ ነው። ልጆቹ መጨረሻውን ራሳቸው ይሥሉበታል። ማም ካታሊና ይህን እንደ ትልቅ ብልኀት ነው ያወሩት።

ሌላም፣ እናቴ ያላለችው ነገር አለበት። ሸርጣኑ ቤቱ ውስጥ ገብቶ እግሮቹ ውጭ ሲቀሩ ቀንድ አውጣዋ «እግርህን አስገባ፣ ብርድ ነው» ትለዋለች። በየገጹ ይመጣል። እኛ አገር ምን ብርድ አለ? ዝናብ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ አውሎ ነፋስ አለ። በዚህ ሙቀት እግርህን አስገባ የሚል ማን ነው? የማኒላ ሰዎች ጨምረውት ይሆናል።

ማናንግ ኢዳንግ ነግረዋት ነው እንግዲህ። እኔ ለባሌ ለአምቦ ነግሬው ይሆናል፤ አምቦ ለእህቱ፤ እሳቸው ለልጅቱ። እንዲህ ነው የሚሆነው። ናናንግ ያለችውም እሳቸውን ነው። ሁለት ናናንግ ነበራት፤ ማም ካታሊና ደግሞ አንዷን ብቻ ነው የሚያውቁት።

እንዲህ ከሆነ ሙሾዬን ለሰው ትቼ፣ የሰው ተረት ልወስድ ነው።


ሴፕቴምበር 19

ገበያ። ዓሣ ሻጮቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም እንዲህ ተባባሉ፦

«ያቺ ናት እኮ። በልጇ ሬሳ ላይ ቃል ያጣችው።»

«ሆንግ ኮንግ ሳለች እንባዋንም ሸጣው ይሆናል።»

«ተይ እባክሽ፣ ዞር ትላለች።»

አልዞርኩም። ዓሣ ሳልገዛ ተመለስኩ። ለማናንግ ኢዳንግ «ዛሬ ዓሣ የለም» አልኳቸው።


ሴፕቴምበር 27

የእናቴን ተረት ከልጄ መጽሐፍ ላይ እያጠናሁ ነው። ጓሮ ቁጭ ብዬ ለዶሮዎቹ እነግራቸዋለሁ። ድምፄ ያስጠላኛል። እንደ ትእዛዝ ይወጣል።

ማናንግ ኢዳንግ ልብስ እያሰጡ ቆመው ሰሙኝ። እንደሚስቁብኝ ጠብቄ ነበር። የተሰጣውን ልብስ አውርደው እንደገና አሰጡት።


ኦክቶበር 4

ማም ካታሊና ሰው ልከው ወንበሩን ምን ዓይነት እንደምፈልግ አስጠየቁኝ። የሚወዛወዝ ወይስ የማይወዛወዝ። «የማይወዛወዝ» አልኩ። አሁን እንኳ «እኔ አይደለሁም» ማለት ይቻል ነበር። ስለ ወንበር መለስኩ።


ኦክቶበር 9

ዛሬ አላስችል አለኝ። ማናንግ ኢዳንግ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ የሺፈራው ቅጠል እየሸመጠጡ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድ ቅርንጫፍ አነሣሁ።

«ማናንግ፣ ትምህርት ቤቱ ላይ እርስዎ ይንገሩላቸው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ተረቱን። የነገሯት እርስዎ ነዎት። አገር ያውቃል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ነውር ነው።»

እጃቸው ቆመ። «እኔ? ተረት?» አሉ። «ለዚያች ልጅ እኔ የነገርኳት ‹ጥርስሽን ፋቂ፣ ከወንዙ ውጪ፣ ያንን ውሻ ከአልጋ አውርጂ› ነው። እኔ የተራራ ሥር ሰው ነኝ። የባሕር ሸርጣን ያየሁት ገበያ ላይ ተጠብሶ ነው። ከየት አምጥቼ ነው የምነግራት?»

«እንግዲያውስ አምቦ ነው።»

«አምቦ!» ብለው ሣቁ። «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ተረት ቢያውቅ ኖሮ ሰክሮ ሲገባ በሩን እንድከፍትለት ይነግረኝ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው?»

አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እየቀለድሽ ነው?» አሉ። «አንቺ ነሻ!»

«እኔ አልነበርኩም።»

«አልነበርሽማ። ካሴትሽ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ያሉትን እንዳሉት ለመጻፍ እሞክራለሁ።

«አንዱን ካሴት ሳትዘጊው ቀረሽ» አሉ። «እንደ ልማድሽ ‹ተማሪ፣ ዝናብ ላይ አትውጪ› ስትይ ቆየሽና ሕፃን አለቀሰ። አንቺም ተነሥተሽ ሄድሽ። ቴፑን አልዘጋሽውም። ከዚያ ከሩቅ ድምፅሽ ይሰማል። ያቺን የሰው ልጅ ስታስተኚ። በእኛ ቋንቋ! ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ዝናብ። እኔ አንቺ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር ፓሲንግ። ለእኛ ስትናገሪ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነበርሽ።»

ቅጠሉን መሸምጠጥ ቀጠሉ።

«ሜሊንግ ሌላውን ሁሉ ታሳልፈዋለች። ቴፑን ትራሷ ላይ አስተኝታ ያንን ብቻ ነው የምትሰማው። ማታ ማታ። እኔ ከአጎበሩ ውጭ ተኝቼ እሰማለሁ። አላስቆምኳትም፤ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ኋላ ቴፑ ካሴቱን በላው። በእርሳስ ጠምጥመን ጠምጥመን አልሆነም። አለቀሰች፣ አለቀሰችና በዚያው እርሳስ ቁጭ ብላ እንዳትረሳው ጻፈችው። የደብተር ወረቀት ላይ። መጻፍ የጀመረችው ያኔ ነው። ይህንን አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ የምታውቂ መስሎኝ» አሉ። «አውቀሽ የምትኮሪ መስሎኝ። ስንት ዘመን ስጠላሽ ኖርኩ።»

ቅጠሉን አንሥተው ገቡ።


ኦክቶበር 10

እግርሽን አስገቢ የተባለችው ዊንግ ያን ናት።


ኦክቶበር 13

ሁለት ቀን አልጻፍኩም።

ዊንግ ያን ሆንግ ኮንግ የሠራሁበት ሦስተኛ ቤት ልጅ ነበረች። እናቷ ባንክ ነበር የምትሠራው፤ ስትገባ ልጅቷ ተኝታ ነው የምታገኛት። እኔ የምተኛው በልጅቷ ክፍል ወለል ላይ ነበር። ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ግድግዳው ያልባል። ልጅቷ ብርድ ልብሷን ትረግጥና እግሯ ውጭ ያድራል፤ ጠዋት ታስላለች፤ እመቤቲቱ እኔን ትቆጣለች። ለዚህ ነበር እግርሽን አስገቢ የምላት። ለቁጣው ነበር። መጀመሪያ ለቁጣው ነበር።

ካሴት የምቀዳው እሷ ከተኛች በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ያን ቀን ነቃችና አለቀሰች። ሄድኩ። የእናቴን ተረት ነገርኳት። ቋንቋዬ አይገባትም፤ ስለማይገባት ነው የነገርኳት። በሚገባት ቋንቋ የማውቀው «ብዪ፣ ታጠቢ፣ ተነሺ» ብቻ ነበር። ስነግራት ጣቴን ትይዘዋለች፤ ጥፍሬን ትነካካለች። ስመለስ ካሴቱ አልቆ ቆሞ ነበር። ጊዜ አልነበረኝም። ሳልሰማው በፖስታ አሽጌ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት።

ይህ ጥፋት አይደለም። ሥራዬ ነበር። ሁላችንም እንዲህ ነበርን። አብራኝ እሑድ እሑድ የምትቀመጥ አንዲት ከእኛ አገር የመጣች ሴት «እኛ እናትነታችንን በሰዓት ያከራየን ነን» ትል ነበር፤ ሣቅንላት።

ግን ያ ድምፅ። ማናንግ ኢዳንግ ያሉት ድምፅ። ያንን ለካሴቱ ማውጣት እችል ነበር። የመቅጃውን ቀይ መብራት ሳይ ጣሪያው፣ ትምህርቱ፣ አምቦ ይመጣብኛል። ከዊንግ ያን ጋር ግን ደስ ይለኝ ነበር። ይህን እዚህም ላይ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጄ ደግሞ ደስ ሲለኝ ሰማች።


ኦክቶበር 15

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ባይለኝ ይሻል ነበር።

የተመለስኩ ሰሞን ነው። ሣጥኖቹን እየፈታሁ፣ ሳሙናውን ለየዘመዱ እያደላደልኩ ነበር። ሜሊንግ በር ላይ ተደግፋ ቆማ ቆየች። ከዚያ፦

«ናናንግ፣ ቀንድ አውጣዋስ? ቤቷን አገኘች?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ቀንድ አውጣ የሩዙን ማሳ ሁሉ ይፈጅ ነበር። አገሩ የሚያወራው ስለሱ ነው። እኔም ከሣጥኑ ቀና ሳልል፦

«ጨው አድርጊባት፣ ትሞታለች» አልኳት።

«እሺ ናናንግ» አለች።

ትንሽ ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም። መጽሐፉ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ በባዶው ገጽ።


ኦክቶበር 16

«እሺ ናናንግ» አለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።


ኦክቶበር 21

ለማም ካታሊና ልነግራቸው ትምህርት ቤት ድረስ ሄድኩ። አሞኛል፣ አልችልም ልል። ክፍሉን አሳዩኝ። ቀለሙ አልደረቀም። ግድግዳው ላይ ልጆቹ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ሥለዋል፤ አንዱ ቀንድ አውጣዋን ካልሲ አልብሷታል። የሜሊንግ ሙሉ ስም በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ኤርሜሊንዳ። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ይህን እንኳ እኔ ነኝ።

«ቆንጆ ነው» ብዬ ተመለስኩ።


ኦክቶበር 28

ዛሬ ነበር።

ነጭ ቀሚስ አልለብስም ብዬ በሐዘን ልብሴ ሄድኩ። ማናንግ ኢዳንግ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ፊት ወንበር ተይዞላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ማም ካታሊና ማይክራፎኑን ይዘው «ሜሊንግን ሜሊንግ ያደረገች ድምፅ» አሉኝ። ወለሉን አየሁ።

ጀመርኩ። እንደ ፈራሁት በትእዛዝ ድምፅ ነው የወጣው። ልጆቹ ግን ተረቱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሸርጣኑ ቤቱ ውስጥ ሲገባ እኔ ሳልደርስበት አዳራሹ ሙሉ ጮኸ፦

«እግርህን አስገባ፣ ብርድ ነው!»

አንዷ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ «ሁሉንም እግርህን! ያኛውንም!» ብላ ጨመረች፤ አዳራሹ ሣቀ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። በዚያ ሙቀት እግራቸውን ወንበር ሥር ሰብሰብ አደረጉ።

ድምፄ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሆነ። እኔም ሰማሁት። ወደ ኋላ ሳይ ማናንግ ኢዳንግ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

ባሕሩ ዳር ደረስኩ። ቀንድ አውጣዋ ቆማ ተጣራች። እኔም አቆምኩ። ተጨበጨበ።

ጥርሰ ወላቃዋ ግን እጇን አወጣች። «አያቴ፣ ቤቷን አገኘች?»

አፌን ከፈትኩ። ማም ካታሊና «ያንንማ እናንተ ናችሁ የምትሥሉት!» አሉ፤ ወረቀትና ቀለም ይታደል ጀመር። ልጅቷ ግን ቀለሙን ሳትቀበል እኔን ታያለች። ዓይኔን ሰበርኩ። አበባ ሰጡኝ። ጭብጨባውንም አበባውንም ተቀበልኩ። ምንም አልተናገርኩም። ማንን እያስተኛሁ እንደነገርኩት፣ ማን እንደሰማው፣ ምንም።

ስንመለስ አበባውን ለማናንግ ኢዳንግ ዘረጋሁላቸው።

«ምን ላድርገው? ልብላው?» አሉ። «ለመቃብሩ ያዢው።»


ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። መቃብር ቦታው ሰው ሞልቷል። በየመቃብሩ ላይ ሸራ ተወጥሯል፣ ሻማ በርቷል፣ ልጆች የሻማ ሰም እየሰበሰቡ ያድቦለቡላሉ። እኛም በሜሊንግ ላይ ሸራ ወጠርን።

ሳህኑን እኔ አዘጋጀሁ። ማናንግ ኢዳንግ አልረዱኝም፤ ቆመው አዩ። የድስቱን ሥር ፋቅኩ። ጨዉን ያዝኩና እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

«ነስንሺ» አሉኝ። «ያለ ጨው አትበላውም።»

ነሰነስኩ። ሳህኑን አኖርኩላት።

ሰው ሳሳ ሲል ሁለታችን ብቻ ቀረን። ማናንግ ኢዳንግ መቃብሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሻማ ያስተካክሉ ነበር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከምኑ?»

«ከባሕሩ ዳር። ቆማ ተጣራች። ካሴቱ እዚያ ላይ ቀጭ ብሎ አለቀ። ሜሊንግ የራሷን መጨረሻ በየቀኑ ታወጣለት ነበር። እኔ ግን ትክክለኛውን ነው የምፈልገው። እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ላይ ትጨርሺው ይሆናል ብዬ መጥቼ፣ አንቺ ቀጥ!»

እንዲህ ነው አልኳቸው፤ እናቴ እንደነገረችን። ሸርጣኑ ከውኃው ወጣ። አድጓል። ቤቱ ልክ ሆኖታል። «ምን ፈለግሽ?» አላት፤ አላወቃትም። ቀንድ አውጣዋ «ቤቴን» ልትል መጣች፤ ስታየው ግን ተመችቶታል። «መንገድ ተሳስቼ ነው» አለችው። ተመለሰች። ለዚህ ነው ዛሬም ሸርጣን በሰው ዛጎል የሚኖረው። ለዚህ ነው ቤት የሌላት ቀንድ አውጣ በዝናብ ብቻ የምትወጣው፤ ራቁቷን ሰው እንዳያያት።

ማናንግ ኢዳንግ ቀጣዩን ጠበቁ።

«ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ።»

«እናትሽ ክፉ ሴት ነበሩ» አሉ። «ይህንን ለሕፃን ይነግራሉ? ሜሊንግ እንኳንም አልሰማችው። እግርህን አስገባውስ? እሱ የት ሄደ?»

«እሱ ተረቱ ውስጥ የለም ማናንግ። ለልጅቷ ያልኳት ነው። እግሯ ውጭ ስለነበር።»

«እንዴት የለም? እኔ ሌላውን ስረሳ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

መጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅኩ። «ሜሊንግ… ለሷ አለመሆኑን ታውቅ ነበር?»

ሻማው ጠፍቶባቸው እንደገና አበሩት።

«ሞኝ አልነበረችም» አሉ። «ታውቃለች። ግን አንቺ ያንን ስትይ እግሯን ታስገባ ነበር። በኤፕሪል ሙቀት። እስከ አንገቷ ተሸፋፍና፣ በላብ ተነክራ። እንቅልፍ ሲወስዳት ቀስ ብዬ እገልጥላታለሁ።»

ሙሾ ያን ጊዜ መጣልኝ። አልጮኽኩም፤ ከጎናችን ባለው መቃብር ላሉት እንኳ አልተሰማም። ከካሴቱ ጀመርኩ። ከዚያ ሣጥኖቹን፣ ጨዉን፣ «እሺ ናናንግ» ያለችውን። የማውቀው ያንን ያህል ነው፤ ያንን አወረድኩ። ማናንግ ኢዳንግ ጨዉን ሲሰሙ ሻማውን ለቀቁት። አላቋረጡኝም። የማላውቀው ቦታ ስደርስ፣ ዝም ስል፣ እሳቸው አንድ ነገር ያስገባሉ። የውሻውን ስም። የማንጎውን ዛፍ። እንደዚያ ጨረስነው።

ዝናብ ጀመረ። ሸራው አጭር ነው፤ የማናንግ ኢዳንግ እግር ውጭ ቀርቶ ይመታል።

«ማናንግ፣ እግርዎን ያስገቡ» አልኳቸው።

«ምን ብርድ አለና ነው?» አሉኝ።

አስገቡ ግን።